ባክቴሪያውን ያስቸኮልን ጊዜ

ወረታ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተረከብኩት የመጀመሪያ ዕቃ እበት ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ተሞልቶ፣ የባለቤቱ ስም ተለጥፎበት፣ ጠረጴዛ ሙሉ እበት። የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ መኳንንት ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል። ስሜን ጠየቁኝ፤ ዘነቡ አልኳቸው። ቀጥለው "እስቲ እጅሽን" አሉኝ። ሁለቱንም ዘረጋሁላቸው። ጣቴን አገላብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

እድፍ ያዩ መስሎኝ አፈርኩ። ጠዋት በሳሙና ፈትጌ ነው የመጣሁት። እሳቸው ግን "ደህና ነው" ብለው ጓንት ሰጡኝና "እዚህ ቤት የሚጸየፍ ሰው ምሳውን አይበላም፤ በይ በጥብጪ" አሉኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከእበቱ ትንሽ በማንኪያ ይወሰዳል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ በወንፊት ይጣራል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ሲዘቅጥ ላዩ ይደፋል፣ አዲስ ውኃ ይጨመራል፤ እስኪጠራ ይደጋገማል። በቀረው ዝቃጭ ላይ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሌላው ሁሉ ሰማያዊ ሲሆን የጉበት ትል እንቁላል ብቻ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያውን እንቁላል ያገኘሁ ቀን ደስ ብሎኝ ጮህኩ። አቶ መኳንንት መጥተው አዩና "ላሚቱ ታማለች እኮ፤ አንቺን ምን ያስፈነድቅሻል?" አሉኝ።

በረዳትነት ገባሁ፤ ጠርሙስ አጠብኩ፤ ቴክኒሽያን ሆንኩ፤ ዋና ቴክኒሽያን ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። አሁን እናንተ ልጆች ያን ላቦራቶሪ ስትረከቡ ይህችን አንድ ታሪክ ይዛችሁ ግቡ ብዬ ነው የምጽፈው። የእበቱ ወሬ ግን እዚህ ላይ ይበቃል፤ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል።

የቀረው ጥቂቱ የአያ ሞላ ነው። አያ ሞላ ከርብ ወንዝ ዳር የመጡ ገበሬ ናቸው። ክረምቱ አልፎ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ ከብቱ ሁሉ ረግረጉ ላይ ይግጣል፤ የትሉ ነገርም ከዚያው ሣር ጋር ይገባል። አንድ ቀን የላማቸውን እበት በፌስታል ቋጥረው መጡ። መረመርኩና "አያ ሞላ፣ የጉበት ትል አለባት" አልኳቸው።  "እሱንማ አገጯ ሲያብጥ እኔም አውቄዋለሁ። እናንተ ይህን ሁሉ መስታወት ይዛችሁ፣ ከእኔ ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ምን ታደርጉልኛላችሁ?" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ትሉ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንቁላል እስኪጥል ወራት ይፈጅበታል። እኛ እንቁላሉን ስናገኝ ጉበቱ ተቦርቡሯል። የአያ ሞላ ላም ፋሲካን አላየችም።

ዶክተር ብርቱካን ወደ እኛ የመጣችው ይህንኑ ልትፈታ ነው። የሐሙሲት ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትሄድ የጋዋኗ ጫፍ ከኋላዋ የሚበር። በእንግዳ ፊት "እርስዎ" እላታለሁ፤ ለብቻችን ስንሆን ልጄ ልትሆን የምትችል ናትና "አንቺ" ነው። እሷ ግን በየትም ቦታ "እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎ" ከማለት አልወጣችም።

ሐሳቧ ይህ ነበር። ትሉ ላሚቱ ውስጥ በገባ በጥቂት ሳምንት የላሚቱ ደም ያውቀዋል። የትሉን አንድ ፕሮቲን ብንይዝና የላሚቱን ደም ብናገናኘው፣ የታመመችዋ ደም ይይዘዋል፤ የጤነኛዋ ይተወዋል። ፕሮቲኑን ከትሉ ጨምቆ ማውጣት ግን አይበቃም። ስለዚህ የትሉን ጂን ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተን ባክቴሪያው እንዲሠራልን ነው። ኢ ኮላይ ይባላል ባክቴሪያው፤ ሾርባ በምንለው ፈሳሽ ምግብ ያድጋል፣ በአንድ ሌሊት ይራባል፣ ያዘዙትን ይሠራል።

"ታዲያ ሰው ከመቅጠር ይሻላል" አልኳት።

"ይሻላል፣ ግን እሱም እንደ ሰው ነው፤ አነጋገሩን ካላወቁለት አይሠራም" አለችኝ።

አቶ መኳንንት ሁለታችንንም ቢሯቸው ጠርተው ቀኑን ነገሩን። ሰኔ ሠላሳ። እስከዚያ ድረስ ከደም ጋር ሊሞከር የሚችል ፕሮቲን ካልተገኘ ሥራው ይዘጋል፣ ማሽኖቹ ወደ ሌላ ማዕከል ይሄዳሉ፣ የዶክተር ብርቱካን ውልም ያበቃል። ጂን የሚሠራልን ውጭ አገር ነው፤ ሦስት ጊዜ ብቻ ማዘዝ ተፈቅዶልናል። "ከሦስተኛው በኋላ ወደ እኔ እንዳትመጡ" አሉ።

የመጀመሪያውን ጂን ትሉ ራሱ እንደሚጽፈው አዘዝን። ጣት በምታህል ቱቦ፣ ዓይን የማይሞላ ድርቅ ያለ ነገር ሆኖ መጣ። ባክቴሪያው ውስጥ አስገባነው፣ ሾርባ ውስጥ አስቀምጠን በሚያነቃንቀው ማሽን ላይ አሳደርነው። ጠዋት ሾርባው ሲደፈርስ "አሁን ሥራ" የሚለውን ኬሚካል ጨመርኩ። ከዚያ ባክቴሪያውን ሰብሬ፣ በሴንትሪፊውጅ፣ በፍጥነት እያሾረ ዝቃጭ በሚለየው ማሽን፣ አሽከርክሬ፣ በጄል ላይ አስኬድኩት። ጄል ማለት ፕሮቲኖችን እንደ መጠናቸው የሚደረድር ስስ ነገር ነው፤ ቀለም ሲነከር እያንዳንዱ ፕሮቲን ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይወጣል። የእኛ መስመር ፀጉር አከለች። ከሥሯ ደግሞ ቁርጥራጭ።

"ለምን አነሰ?" አልኳት።

ዶክተር ብርቱካን ሰሌዳው ላይ እየጻፈች አስረዳችኝ። ጂን የሥራ ትእዛዝ ነው። በአራት ፊደል ይጻፋል፤ ሦስት ሦስት ፊደል አንድ ቃል ይሆናል፤ አንዱ ቃል አንድ አሚኖ አሲድ ያስመጣል፤ አሚኖ አሲዶቹ በየተራ ሲቀጣጠሉ ፕሮቲን ይሆናሉ። ነገር ግን አንዱ አሚኖ አሲድ ሁለት፣ አራት፣ እስከ ስድስት ቃል ሊኖረው ይችላል። በማናቸውም ቢጻፍ የሚመጣው ያው ነው።

"ያው ከሆነማ በየትኛውም ብትጽፊው ምን ቸገረሽ?"

"የሚመጣው ያው ነው፣ ፍጥነቱ ግን ያው አይደለም። እትዬ ዘነቡ፣ ሩዝ ሲተከል አይተው የለ? ተካዮቹ በመስመር ጎንበስ ብለው ይተክላሉ፣ ችግኝ አቀባዮቹ ከኋላ ያቀብላሉ። አቀባይ ሲበዛ ተካይ ይሮጣል። አቀባይ አንድ ብቻ ከሆነስ?"

"ወገባቸውን ይዘው ቆመው ያወራሉ።"

"በቃ። ለእያንዳንዱ ቃል አሚኖ አሲዱን ተሸክሞ የሚመጣ አቀባይ አለ። ባክቴሪያው ለሚወደው ቃል ብዙ አቀባይ አለው፣ ለማይወደው ጥቂት። ትሉ የሚጽፍባቸው ቃላት ብዙዎቹ ባክቴሪያው የማይወዳቸው ናቸው። ስለዚህ ይቆማል፤ ሲሰለቸው ጥሎ ይሄዳል። ቁርጥራጩ እሱ ነው።"

እንግዲህ መድኃኒቱ ቀላል መሰለን። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብላ ቀርፋፋውን ቃል ሁሉ እየነቀለች በፈጣኑ ተካችው። አንድም አላስቀረችም። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ "ይኸኛውንም ንቀይ፣ ይኸኛውንም" እያልኩ ሳግዛት ዋልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ሁለታችንም ከእናታችን ሰምተናል፤ ባክቴሪያን ይመለከታል ያለን ግን የለም።

ሁለተኛው ጂን መጣ። አሁን ጄሉ ላይ የወጣው መስመር አውራ ጣት ያህላል። ዶክተር ብርቱካን አቀፈችኝ፤ አቶ መኳንንት እንኳ ፈገግ አሉ። ከዚያ የተሰበረውን ባክቴሪያ አሽከርክሬ ሁለት ቦታ ለየሁት፤ ላይኛው የጠራ ውኃና ታችኛው ዝቃጭ። የሚሠራ ፕሮቲን ውኃው ውስጥ ይገኛል። በየራሳቸው ጄል ላይ አስኬድኳቸው። የውኃው ቦታ ባዶ። ያ ሁሉ አውራ ጣት የሚያህል ፕሮቲን ዝቃጩ ውስጥ ነው፤ ጓል ሆኗል። ዝናብ ያጣ የእርሻ ጓል ደህና ነው፣ ውኃ ሲያገኝ ይፈርሳል። ይህኛው አልፈርስም አለ።

ሙቀት ቀነስን፤ ጓል። ኬሚካሉን አሳነስን፤ ጓል። ኋላ እንደገባን፣ ቅዝቃዜው ሁሉንም እኩል ያዘገያል እንጂ የሚጠቅመንን ቦታ መርጦ አያዘገይም። ግንቦት አለቀ። ዶክተር ብርቱካን ምሳዋን ትታ ሰሌዳው ፊት ትቆም ጀመር። አንድ ቀን "እትዬ ዘነቡ፣ ለአባቴ ምን ብዬ ነው የምነግረው?" አለችኝ። አባቷ ልጄ ለላሞቹ መድኃኒት ልታገኝ ነው እያሉ ሐሙሲት ላይ አስወርተዋል። አንጀቴን በላችው።

ያን ዕለት ሰሌዳው ላይ የፕሮቲኑን መልክ ሥላ ነበር። እኔ ፕሮቲን እንደ ክር የሚቀጥል ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ክሩ ከወጣ በኋላ ይጠቀለልና መልክ ይይዛል። የእኛው ፕሮቲን ሁለት ጉብታ አለው፤ ታች ትልቅ፣ ላይ ትንሽ፣ መሐላቸው ቀጭን። አፍጥጬ አየሁት። እንስራ ነው። ሆድ አለው፣ አንገት አለው።

"የትኛው ነው ቀድሞ የሚሠራው?" አልኳት።

"ታችኛው። ከሥር ጀምሮ ነው የሚወጣው።"

"ታችኛው ሳይጸና ነው ላይኛው የሚቀጠለው?"

ዞራ አየችኝ። አቶ መኳንንትም ወረቀት ሊያስፈርሙ ገብተው በር ላይ ቆመው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ወይዘሮ ስንዱ ሸክላ ሠሪ ናት። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እንስራውን ይገዛሉ፣ ውኃውን ይጠጣሉ፣ የሠራችውን ሰው ግን ዓይኗን ይፈራሉ፤ ልጅ ባመመው ቁጥር "ቡዳ ናት" ይሏታል። እኔ ሥራ ስገባ አፌን ዘጋሁ። ስለ እናቴ ሲጠይቁኝ "ይፋግ ገበያ ትሸጣለች" እላለሁ። ምን እንደምትሸጥ አልናገርም። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲሁ አለፈ። ምሳ አብረን እየቆረስን፣ በአንድ ገበታ እየበላን፣ ይህን ቢያውቁ እጃቸውን ይሰበስቡ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት።

ልጅ ሳለሁ ለይፋግ ገበያ ላደርስ ቸኩዬ በእርጥብ ሆድ ላይ አንገት ቀጠልኩ። እያየሁት ሆዱ ሰመጠ፣ አንገቱ ተጣመመ፣ ሁሉም ተመልሶ ጭቃ ሆነ። እናቴ አልመታችኝም። "እጅሽ ሮጠ፤ ጭቃው ግን አብሮሽ አልሮጠም። ጠፈፍ እስኪል ተቀመጪ" ነበር ያለችኝ። ጠፈፍ ማለት መድረቅ አይደለም። ከደረቀም አንገቱን አይቀበልም። ጥላ ላይ ተቀምጦ ራሱን እስኪችል ነው።

እንግዲህ ዶክተር ብርቱካን ትጠብቀኛለች። ብናገር ከየት አወቅሽው መባሌ ነው። ዝም ብል ደግሞ ልጂቱ በሰኔ ሻንጣዋን ልትዘጋ ነው። ተናገርኩ። "እንስራ ሲሠራ ሆዱ ጠፈፍ ሳይል አንገት አይቀጠልም። ከተቀጠለ ሁሉም ይፈርሳል። እኛ ቀርፋፋውን ቃል በሙሉ ስንነቅል፣ ሆዱ መልክ ሳይዝ አንገቱን ከላይ አራገፍንበት። ማረፊያውን ነው የነቀልነው።"

 እኔው ጨረስኩት። "ከየት አወቅሽ እንዳትሉኝ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ።"

አቶ መኳንንት መነጽራቸውን አወለቁ። "የወይዘሮ ስንዱ ልጅ መሆንሽንማ የተቀጠርሽ ዕለት አውቄዋለሁ። ቤቴ ያለው እንስራ የማን ሥራ መሰለሽ? እናትሽ ናት 'ልጄ ሥራ ልትጠይቅ እናንተ ዘንድ ትመጣለች' ያለችኝ። ጣትሽንስ ያየሁት ለምን ይመስልሻል?"

"እድፍ አይተው ነዋ።"

"ብርጭቆ የማይሰብር እጅ ፈልጌ ነው። ከአንቺ በፊት የነበረው ረዳት የሰበረውን እኔ ነኝ የማውቀው" ብለው ወረቀታቸውን አስፈርመው ወጡ።

ሃያ ዓመት የተሸከምኩትን ነገር ሰውዬው ሲያውቁት ኖረዋል። ተናደድኩ። እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይነግሩኝም? ኋላ ግን ሳቄ መጣ፤ ዶክተር ብርቱካንም አብራኝ ሳቀች፤ ስቀን ስናበቃ ትሉ የጻፈውን የመጀመሪያውን ጂን አውጥታ ቃል በቃል መቁጠር ጀመረች።

ሆዱ አልቆ አንገቱ ሊጀምር ሲል፣ ከዚያም ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ትሉ ራሱ እምብዛም የማይጠቀምባቸው ቃላት ተከታትለው ተቀምጠዋል። ለትሉም ቀርፋፋ ናቸው ማለት ነው። ፕሮቲኑ ሲሠራ የተሠራው ክር ወዲያው አይወጣም፤ ጫፉ ጥቂት እዚያው መሣሪያው ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ማረፊያው ሆዱ ሙሉ በሙሉ ብቅ ከሚልበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው። ኮምፒውተሩ እነሱን አይቶ "ስህተት" ብሎ ነው የነቀላቸው፤ እኔም "ንቀይ" እያልኩ ነው ያገዝኩት።

ሦስተኛውን ጂን አዘዝን። ሌላው ቦታ ሁሉ ፈጣን ቃል፤ ያቺ ቦታ ላይ ብቻ ባክቴሪያው ጥቂት አቀባይ ያለው ቃል። የፕሮቲኑ አሚኖ አሲድ አንድም አልተለወጠም። የተለወጠው የት ላይ እንደሚዘገይ ነው። እስኪመጣ ድረስ ጠርሙስ ሳጥብ ሰነበትኩ፤ ንጹሑንም ደግሜ አጠብኩት።

ቱቦው የደረሰው ሰኔ አጋማሽን አልፎ ነው። መብራት አንዴ ጠፋብን፣ ጄኔሬተሩን አስነሣን። ሰብሬ፣ አሽከርክሬ፣ ውኃውንና ዝቃጩን ለይቼ ጄሉ ላይ ጫንኩ። ቀለሙን አጥቤ እስካወጣ ዶክተር ብርቱካን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። መስመሩ ወጣ። እንደ ሁለተኛው አውራ ጣት አያክልም፤ ትንሽ ጣት ያህላል። ነገር ግን የወጣው በውኃው ቦታ ነው።

"እትዬ ዘነቡ፣ ጠፈፍ ብሏል" አለችኝና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ከደም ጋር የሞከርነው በዚያው ሳምንት ነው። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ሳህን ላይ ፕሮቲኑን አስቀምጠን፣ የታመሙና የጤነኛ ከብቶችን ደም እየለየን ጨመርን፤ ከዚያ አጥበን፣ የተያዘ ደም ካገኘ ቢጫ የሚሆን ኬሚካል ጠብ አደረግንበት። የታመሙት ከብቶች ጉድጓዶች ቢጫ ሆኑ፤ የጤነኞቹ ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። አቶ መኳንንት ሳህኑን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩና ሄደው የመዝጊያውን ደብዳቤ ከጠረጴዛቸው ላይ አነሡት። ሥራው ቀጠለ፤ ማሽኖቹም ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

በቀጣዩ ዓመት አያ ሞላን ጠርተን የጊደራቸውን ደም ወሰድን። ቢጫ ወጣች። "አያ ሞላ፣ ትሉ ገብቶባታል፤ መድኃኒቷን ዛሬ ይስጧት" አልኳቸው። ጊደሯን ዞረው ዞረው አዩ። አገጯ አላበጠ፣ ፀጉሯ አልሻከረ። "ምኗ ነው የታመመው?" አሉ። "እኛ ቀድመን አወቅን" አልኳቸው። አሁን ሁለት ወልዳለች።

ዶክተር ብርቱካን ሪፖርቱን ስትጽፍ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ምስጋና አኖረች። ታትሞ ሲመጣ ይዤው ይፋግ እናቴ ዘንድ ወረድኩ። ጥላ ሥር ተቀምጣ የእንስራ ሆድ ታለሰልሳለች፤ እርጅናው ሥራዋን አላስተዋትም። ማንበብ አትችልምና አነበብኩላት። "ለወይዘሮ ስንዱ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ይፋግ።"

እጇን ከጭቃው አነሣች። "ሸክላ ሠሪ ብለው ጻፉት? እንዲያው በግልጥ?"

"በግልጥ።"

"አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?"

"እኔ ነኝ፣ እማ።"

የእጇን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ "ደግመሽ አንቢው" አለችኝ። ደግሜ አነበብኩላት። ሦስተኛም አስደገመችኝ። ከዚያ ሆዱን ጥላው ውስጥ አስቀመጠችና አንገቱን ሳትጀምር ተነሣች።

ከሥራ ዘመኔ የያዝኩት ይህ ነው። ፈጣን ቃል በየቦታው አይጻፍም፤ ማረፊያዋን ቦታ አትንቀሉ። ማረፊያዋን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አይደበቅ፤ እኔ ሃያ ዓመት ተደብቄ ያተረፍኩት የለም።